«ግሩም ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ ዐምድ አንድ ጥያቄ አቅርቤላችሁ ነበር። ጥያቄውም «ለወዳጃችሁ፥ ‹ይህን ሳታነብ እንዳትቀር› ብላችሁ የምትነግሩት የትኛውን መጽሐፍ ነው? ስለ ምንስ ወደዳችሁት?» የሚል ነበር። የመጣልኝ ደብዳቤ ብዛት የተማሪዎቼን ደብተር የማርምበትን ጊዜ ወስዶብኛል፤ ተማሪዎቼ በዚህ የሚያዝኑ አልመሰለኝም።

ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ነገር፥ አንባቢዎቼ ቅጽል የማያልቅባቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። ግሩም፣ ድንቅ፣ ልብ አንጠልጣይ፣ ወደር የለሽ፣ አቻ ያልተገኘለት! አንዱማ «እጅግ በጣም» የሚለውን በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ጊዜ ጽፎታል፤ ቈጥሬዋለሁ፤ የአስተማሪ ነገር። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን መጽሐፉ ልብ ወለድ ይሁን ታሪክ፣ ግጥም ይሁን የጉዞ ማስታወሻ ከደብዳቤው ለማወቅ አልተቻለኝም። ሰውየው አንድ ነገር አጥብቆ እንደ ወደደ ተረድቻለሁ። ምኑን እንደ ወደደ ግን ለራሱ ይዞት ቀርቷል።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። በአገራችን መጽሐፍ በአብዛኛው የሚሸጠው በአፍ ነው። አዟሪው ክምሩን በክንዱ ታቅፎ ሻይ ቤት ሲገባ የምንመርጠው ከሽፋኑ አይደለም፤ ትናንት በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሰማነውን ስም ነው የምንፈልገው። እንግዲህ ደመወዙን ከተቀበለ ሁለት ሳምንት ያለፈው አንድ ጸሐፊ በጓደኛው «ግሩም» ታምኖ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ፥ በሠላሳኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ቢወስደው ምን ይሆናል? ጓደኛውን አይቀየምም። መጽሐፍን ይቀየማል። ከዚያ በኋላ ሌላ መጽሐፍ እንዲገዛ ለማድረግ ዓመት ይፈጃል። የወረቀት ዋጋ እንዲህ በናረበት ዘመን ያለ አሳብ የተሰጠ ምስጋና የሰው ምሳ ይበላል።

ስለዚህ ከመጡት ደብዳቤዎች አንዳንዶቹን ላነሣ ነው፤ ጥሩዎቹን በብዛት፣ ሌሎቹን በጥቂቱ።

ከሁሉ የሚቀድመው አንድ የጉምሩክ ባልደረባ የላከው ነው። የወደደው መጽሐፍ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። መቼም ይህን ስም ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ገጹን ለመግለጥ እንደ ከጀላችሁ አውቃለሁ፤ ቆዩኝ። ጸሐፊው የሚለው እንዲህ ነው። መጽሐፉን ያነሣው ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ዋጋው ስላነሰ ብቻ ነበር። ስብከት እጠብቅ ነበር ይላል። ያገኘው ግን ስለ ራሱ ጠረጴዛ የተጻፈ መጽሐፍ ሆነ። ሸቀጥ በየኬላው እየቆመ ሲቀረጥ ነጋዴውም ገበሬውም እንዴት እንደሚጐዱ፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን ዘወትር ባለ ዕዳ እንደሚሆን፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከባለ ዕውቀት ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የማን ድካም ለማን እንደሚያልፍ፤ ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ በማግሥቱ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ሌላ ወረቀት መስሎ ታየው። ደራሲው በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የጉምሩክን ሥራ በእጃቸው የሠሩ ሰው እንደ ነበሩ ሲያውቅማ እንደ ቀድሞ አለቃ ይቈጥራቸው ጀመር። መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. ታተመ፤ እርሳቸው ግን ገና በወጣትነታቸው በ1911 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር ታትሞ አላዩትም።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ግሩም» የሚል ቃል አንድም የለም። እንዲያውም ጸሐፊው ማስጠንቀቂያ አለው፤ አማርኛው የዱሮ ነው፣ መጀመሪያው ይከብዳል፣ ተረት የሚፈልግ ሰው አይንካው ይላል። እኔም ደብዳቤውን ለአንድ የኢኮኖሚክስ አስተማሪ ባልደረባዬ ባነብለት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። የቀረውን ሻይ እኔ ጠጣሁት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ደብዳቤ አለ፤ በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ከሚሠራ ወጣት የመጣ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰው የወደደው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መዝገበ ቃላት! የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው የሚያመሰግነው። በቀን አንድ ገጽ ያነባል፤ በአሮጌ ፋይል ውስጥ ያልገባው ቃል ሲገጥመው በትንሽ ወረቀት ጽፎ ማታ ይፈልገዋል። የመጽሐፉ አመጣጥ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል ማለቱ እውነት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተቀበሉት፤ እርሳቸውም ዕድሜያቸው ሳይበቃቸው ሲቀር ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ አሉ። ደስታም አደራውን ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አስተማሪ ነኝና ይህን ሳነብ ወደ ተማሪዎቼ ቀና ብዬ ተመለከትሁ። አንዱ እያዛጋ ነበር።

አሁን ወደ ዐፋሮቹ እንለፍ። ዐፋሮች የምላቸው የስለላና የወንጀል መጻሕፍት ወዳጆች ናቸው። ደብዳቤያቸው ሁሉ የሚጀምረው በይቅርታ ነው፤ «ቁም ነገር ባይሆንም» ይላሉ፤ «ጊዜ ማሳለፊያ ነው እንጂ» ይላሉ። ከነዚህ መካከል በዕድሜ ጠና ያሉት ማሞ ውድነህ የተረጐሟቸውን የስለላ ታሪኮች እየጠሩ የጐረምሳነት ዘመናቸውን ያስታውሳሉ። ልጆቹ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ይዘው ይመጣሉ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ሌሊት በጋቢ ተከናንቦ በስልክ መብራት አንብቦ ጨረሰው፤ እናቱ ልጄ ታመመ ብላ ጠበል ልትወስደው ስትነሣ ነው የተናገረው። የወደደበትንም ምክንያት አልደበቀም። ሳይንቲስትና የጣና ገዳም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገናኛሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰላይ ማለት ለእርሱ የግድ ፈረንጅ ነበር።

ታዲያ ይህ ልጅ ስለ ምን ይፈር? የስለላ መጽሐፍ ሥራው ገጽ ማስገለጥ ነው። እርሱን በቅኔ ሚዛን መመዘን የበቅሎን ዋጋ በወተቷ እንደ መተመን ነው። እኔ በበኩሌ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አጋጣሚ ይበዛብኛል፤ ያልጠበቁት ሰው ባልጠበቁት ቦታ ብቅ ሲል ሦስተኛው ላይ መደነቄ ያበቃል። ይሁን እንጂ ይህን ለልጁ አልነገርሁትም። ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ የሚያነብ ሰው ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ ራሱ ይደርስበታል።

ስለ ግጥም የጻፉልኝ ብዙዎች ናቸው፤ የረባ ነገር የነገሩኝ ግን ጥቂቶች ናቸው። የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» የመረጡት ሁሉ ስለ ባለቅኔው ታላቅነት ሁለት ገጽ ጽፈው፥ በ1966 ዓ.ም. ስለ ታተመው መጽሐፍ አንድ መሥመር አይጽፉም። ሐውልት ነው የሚያቆሙት። አንዲት ነርስ ብቻ የተለየ ነገር ጻፈች። ሁሉም አይገባኝም ትላለች፤ ነገር ግን በሌሊት ተረኛነቷ ኮሪደሩ ሰው አልባ ሲሆን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነበዋለች፤ ምክንያቱም ስንኙ ረጅም ስለ ሆነ ትንፋሽን ያስለካል፤ በዓይን ብቻ ሲነበብ የማይሰማ ነገር በአፍ ሲነበብ ይሰማል። ይህን ከማንበቤ በፊት መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ለብሶ ነበር።

«ኦሮማይ»ን በሚመለከት ግን ልጠነቀቅ። ከደብዳቤው ሁሉ በቍጥር የሚበልጠው የዚህ መጽሐፍ ወዳጅ ነው፤ ታሪኩም የታወቀ ነው። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. አወጣ፤ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ይህ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው፤ እኔም በክፍሌ ውስጥ በየዓመቱ እናገረዋለሁ። ዳሩ ግን ከደብዳቤዎቹ አብዛኞቹ የሚያወድሱት ደራሲው የከፈለውን ዋጋ ነው። ሰውየውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉን ማንበብ ሌላ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም ሲቀርብ የባዕድ አገር አንባቢ መቼም ኀዘናችንን ይዞ አልቀረበውም፤ ገጹን ገልጦ ነው ያየው።

አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ግን ልክ እንደዚያ ገልጦ አይቶታል። የተከለከለ ምሥጢር ፈልጌ ገባሁ ይላል፤ ያገኘሁት ግን አሥመራን፣ ፊያሜታን፣ ከሁሉም በላይ ስብሰባን ነው። ባለ ሥልጣኖቹ ተሰብስበው ቃል ሲያራዝሙ የሚያሳየውን ክፍል በምሳ ሰዓት እያነበበ ብቻውን ሳቀ፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ጧት ከእንዲህ ያለ ስብሰባ ነበር የወጣው። ስለዚህ መጽሐፍ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህ ሳቅ ነው መጽሐፉን እንደ ገና እንዳነሣው ያደረገኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ክርክር ልዳኝ። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ፖስታ ሁለት ደብዳቤ ልከዋል። አንደኛው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመጻሕፍት ሁሉ ያስበልጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ይህ ሰው መጽሐፉን አላነበበውም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ነው ከስልኩ ላይ የሰማው፤ ታዲያ አስተያየቱ ይቈጠራል ወይ?» ይላል። ፍርዴ ይህ ነው፤ ይቈጠራል፣ ነገር ግን የጐደለው ነገር አለ። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲናገር ፊታውራሪውን መፍራት ወይም በፊታውራሪው መሳቅ እንዳለባችሁ ድምፁ ይነግራችኋል። በገጹ ላይ ግን የሚነግራችሁ የለም፤ የራሳችሁን ድምፅ ማውጣት ይኖርባችኋል። በተረፈ የሰማ ሰው ከማያነብና ከማይሰማ ሰው ይሻላልና ጓደኛህን አታስቀይም።

አንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ጽፋለች። የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ ትርጉም ነው፤ በእንግሊዝኛ የወጣው በፈረንጆች 1936 ነው። ፍቅሩንና ጦርነቱን አንሥታ፥ ጀግናይቱ ከወደቀችበት ስለምትነሣበት እልህ ጥሩ አድርጋ ጽፋለች። ሁለት ነገር ግን ሳታነሣ ቀርታለችና ልጨምርላት። የመጀመሪያው፥ ያ መጽሐፍ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የሚያየው ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ሰገነት ላይ ሆኖ ነው፤ የባሮቹ ልብ ምን ይል እንደ ነበር ከእርሱ አይገኝም። ይህን እያወቁ ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው ግን ስለ መጽሐፍ ከተሰጠ አስተያየት ሁሉ በእኔ ዘንድ የሚበልጠው ነው። ተርጓሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ነበር። መጽሐፉ በእስረኞቹ እጅ የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን በተራ ያነቡት ነበር። ወረቀት የለም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት እየዘረጋ በዚያ ላይ ተረጐመው፤ 3000 ያህል ቍራጭ ሆነ። የተፈቱ ሰዎች በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየሸሸጉ አወጡለት፤ እርሱም ከተፈታ በኋላ ቍራጮቹን ከየሰዉ ቤት ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ፈጀበት። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው «ይህን ሳታነቡ እንዳትቀሩ» ለማለት የሄደበትን መንገድ ተመልከቱ። እኛ በስልክ ሦስት የእሳት ምልክት ልከን የመጽሐፍ ወዳጅ ነን እንላለን።

በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ደብዳቤ አስተያየት ብቻ ሳይሆን አቤቱታም ነው። የጻፈችው በታላቅ ወንድሟ ቤት ተቀምጣ የምትማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከጓደኛዋ ተውሳ ከመካከሉ ስትደርስ ወንድሟ፥ እርሷ «ጋሼ» የምትላቸው፥ ፈተና ደርሶ ልብ ወለድ ምንድን ነው ብለው ነጥቀው በሣጥን ቈለፉበት። ባለ መጽሐፏ ጓደኛዋ በየቀኑ ትጠይቃታለች። እርሷም መጨረሻውን በዚህ ዐምድ እንድነግራት ትለምነኛለች።

መጨረሻውን አልነግራትም። የዚያን መጽሐፍ መጨረሻ ለሰው መንገር የሰው እንጀራ መቅማት ነው። ነገር ግን ደብዳቤዋ እንዲህ በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ለምን እንደ ወደደችው ስትጽፍ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በሁለት መሥመር አለፈቻቸውና ስለ ጉዱ ካሣ አንድ ገጽ ጻፈች። ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ማግኘቷ አስደነገጣት። በእነርሱም ቤተ ዘመድ ውስጥ እንዲህ የሚባሉ አንድ አጐት አሉ፤ በበዓል ቀን ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሲናገሩ ይሣቅባቸዋል። እርሷም ከሌሎቹ ጋር ትስቅ ነበር። ባለፈው በዓል ግን አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠችና ሲናገሩ ሰማቻቸው። ምን እንዳሏት አልጻፈችም፤ እስከ ማታ ድረስ ተቀምጣ እንደ ቈየች ብቻ ጽፋለች።

ወንድሟ ሆይ፤ ይህን መጽሔት በየሳምንቱ እንደሚገዙ ነግራኛለችና እነሆ ለእርስዎ ጽፌያለሁ። ሥጋትዎ ይገባኛል። ምናልባት እርስዎም መጽሐፉን በወጣትነትዎ አንብበውት በዚያ ቤት ውስጥ አስተማሪና ተማሪ ምን ላይ እንደሚደርሱ አስታውሰው ይሆናል፤ እኔም ከአስተማሪ ወገን ነኝና ስለዚያ ክፍል ብዙ ለመናገር አልደፍርም። ነገር ግን እኅትዎ በዚያ ደብዳቤ ያሳየችኝን ማስተዋል እኔ በክፍሌ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ስለምነው የማላገኘው ነው። ለአማርኛ ፈተና አይስጉላት። ለሒሳቡ ከሠጉ ልክ ነዎት፤ እርሷም ብትሆን አልካደችም።

እንግዲህ እንዲህ ቢሆንስ? መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ የቀራት ከ300 ገጽ አይበልጥም። ማታ የሒሳብ ሥራዋን ሠርታ ደብተሯን ካሳየችዎ በኋላ 20 ገጽ ይፍቀዱላት፤ በ15 ቀን ያልቃል፤ ፈተናው ገና ሦስት ወር አለው። መጽሐፉ የሰው ነውና ከዚያ በኋላ ለባለቤቷ ይመለሳል። ሣጥኑን ሲከፍቱ ግን እርስዎ ራስዎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እንዳይቀሩባት አደራ። ስትጨርስም ስለ መጨረሻው ያሰበችውን እንድትጽፍልኝ ይንገሩልኝ፤ የቴምብሩን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ።